«ቡኤ» ስትለኝ «ቡና» የሰማሁ ዕለት

ባለፈው ጥር ጎረቤቴ «ቡኤ!» ብላ ስትጮህ «ቡና!» ያለችኝ መሰለኝ። ከወሎ መጥቼ አርባ ዓመት ነቀምቴ ኖሬያለሁ። «ቡኤ» በኦሮምኛ «ወረደ» ማለት እንደሆነ ከእንቅልፌ ቀስቅሰው ቢጠይቁኝም አልስትም። ጆሮ ግን የሚሰማው ባለቤቱ ያማረውን ነው። ነገሩን ሳስታውስ ዛሬም ብቻዬን እስቃለሁ፤ አፍራለሁም።

ጨለለቂ ሰፈር፣ ቤቴ በረንዳ ላይ በእንጨት ቶርኖ ዕቃ እሠራለሁ። ይህቺው ጎረቤቴ አዴ ጫልቱ አንድ የግንድ ቁራጭ ታቅፋ መጣች። ሟች ባሏ ልጃቸው ሌንሴ ስትወለድ የተከላት ዋንዛ በነፋስ ወድቃ፣ ከማገዶ የተረፈችው ያቺው ብቻ ነበረች።

«ኦቦ ሰይድ፣ አባቷ ስለሌለ እንጨቱ ይዳራት» አለችኝ። የፈለገችው ሙሽራዋ ይዛው የምትሄደው አፈ ጠባብ የቅቤ ዕቃ ነው። ሰርጉ እሁድ ነው።

አፈ ጠባብ ዕቃ ሲፈለፈል ውስጡ አይታይም። ግድግዳው መሳሳቱ የሚታወቀው ሲበሳ ነው። እኔ ደግሞ በስተርጅና መሐንዲስ ልሁን ብዬ መላ ፈጥሬ ነበር። ከረጅሙ መፈልፈያ ብረት ጋር የአሮጌ ብስክሌት መሪ በየድኩ፤ ጫፉ ላይ ልጆች የሚጫወቱባትን ቀይ ሌዘር በጎማ ጥብጣብ አሰርኩ። ስለቱ ከውስጥ ሲሄድ ሌዘሯ ከላይ አብራው ትሄዳለች፤ ነጥቧ ግን ከስለቱ አንድ ጣት ወደ ውጭ ታበራለች። ነጥቧ ከእንጨቱ ጠርዝ ከወረደች፣ የቀረው ግድግዳ አንድ ጣት ነው ማለት ነው። ያኔ ማቆም ነው።

መነጽሬን ብናኝ ስለሚጋርደው፣ ነጥቧ ስትወርድ አይታ እንድትነግረኝ አዴ ጫልቱን አቆምኳት።

«ቡኤ!» አለች።

«ቆይ፣ ስጨርስ እጠጣለሁ!» አልኩና ብረቱን ገፋሁ።

«ቡኤ! ቡኤ!»

«ጨው እንዳታበዢ!»

ቀጭ አለ። ስባሪ ተፈናጥሮ በጉንጬ ሥር አለፈ፤ በዕቃው ጎን የቀን ብርሃን ገባ።

ቶርኖውን አጠፋሁ። አዴ ጫልቱ ስባሪዋን አንስታ በቀሚሷ ጠረገቻት። «ያለን እሱ ብቻ ነበር» አለች፤ ቀስ ብላ።

መዋሸት አማረኝ። ሌዘሯ ላይ ላላክክ አፌን ከፍቼ፣ «ቡና ያልሽኝ መስሎኝ ነው» የሚል ወጣኝ።

«ቡና? ለዚህ ነው ጨው ያልከኝ?» አለችና ሳቀች። ፍቅፋቂው ላይ ተቀምጣ ሳቀች። ሳቁ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነ። እኔም ዓይኔን ጠረግሁ፤ ብናኙ ነው አልኳት።

ኋላ ተነስታ ዕቃውን አገላብጣ አየችው። «ቅል ሲሰነጠቅ ይጣላል እንዴ? ይሰፋል።»

በቀጭን መሰርሰሪያ ቀዳዳውንና ስባሪዋን ዙሪያውን እንድበሳ አዘዘችኝ። በቀጭን ጠፍር ሰፋችው፤ ሰም ቀባችው። ውሃ ሞላንበት። ጠብ አላለም። ስፌቱ እንደ ሹሩባ ያምር ነበር።

እሁድ ዕለት ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አንድ ሽማግሌ ስፌቱን ዳሰሱና «ይህን የሠራ እጅ ማነው?» አሉ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ጠቆመ። የሰፋችው አዴ ጫልቱ ጓዳ ነበረች። ሽማግሌው መዳፌን ይዘው እንትፍ እንትፍ ብለው ረጅም ምርቃት መረቁኝ። ሰው «አሜን» ሲል ከሁሉም በላይ የጮህኩት እኔ ነበርኩ።

ዕቃው አሁን ጉቴ ከተማ፣ ሌንሴ ቤት ቅቤ ይዞ ተቀምጧል። ደስ ይለኛል። የአዴ ጫልቱ ምርቃት ግን እስካሁን እኔ እጅ ነው፤ አልመለስኩላትም።