የአሟሟቂው ኖሪስ አራት ቃላት

ኖሪስ ታፕሊ ቁጭ ሲል አይቼው አላውቅም ነበር። ዘጠኝ ዓመት አንድ ስቱዲዮ ውስጥ ሠርተናል፤ ሻዩን እየተንጎራደደ ይጠጣል፣ ሳንድዊቹን ደረጃ እየወጣ ይበላል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የሰው ትከሻና ወገብ መለካት እንጀራዬ ነው። እሱን ለመለካት ግን ሜትሬን ይዤ ከኮሪደር ኮሪደር መከተል ነበረብኝ።

"አንተ ሰውዬ፣ መሬቱ ያቃጥልሃል እንዴ?" እለዋለሁ።

"ዊኒ፣ አንድ ቦታ ከቆምኩ ልብ ይሉኛል። ልብ ካሉኝ ደግሞ ያባርሩኛል" ይለኛል እየሄደ።

ሥራው አሟሟቂነት ነው። ያኔ አስቂኝ ተከታታይ የሚቀረጸው ሦስት መቶ ሰው ፊት ነበር፤ በቴሌቪዥን የሚሰማው ሳቅ የእነሱ ነው። ካሜራ ሲዛወር፣ ተዋናይ ልብስ ሲቀይር፣ ሕዝቡ እንዳይቀዘቅዝ ማይክሮፎን ይዞ የሚቀልድላቸው ሰው ያስፈልጋል። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ሰው ሲያስቅ ኖሮ አንድም ካሜራ ወደሱ ዞሮ አያውቅም።

ከከተማው ዳር፣ ክሮይደን የምትኖረው እናቱ አይቪ ግን "ልጄ ቴሌቪዥን ላይ ነው" እያለች ሰፈሩን አድርቃዋለች። ጎረቤቶቿ አንድ ቀን እንኳ ስላላዩት ከንፈራቸውን ነክሰው ይስቁባታል። ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው። ዓይኗ እየደከመ ሄዶ ሐኪሙ ከገና በኋላ ቴሌቪዥን ማየቱን ትርሳው ብሏል። ኖሪስን እንቅልፍ የነሳው ይኸው ነበር፤ ዓይኗ ሳይጠፋ አንዴ እንድታየው።

ዓመት የፈጀው የማዕድን ቆፋሪዎች አድማ ባበቃበት ጊዜ የሎርድ ግሪምሾን ተከታታይ እንሠራ ነበር። ሎርዱ በጥንት ዘመን ንግሥት እልፍኝ ውስጥ ሲያሴር የሚውል ተንኮለኛ መስፍን ነው፤ ሰው ሊመርዝ በተነሳ ቁጥር የሚሞተው የንግሥቲቱ ውሻ ነው። ኖሪስ ዳይሬክተሩን ስድስት ሳምንት እግር በእግር ተከታትሎ ለመነው። ዳይሬክተሩም ሲሰለቸው በመጨረሻው ክፍል መልእክተኛ አደረገው። የተሰጠው አራት ቃል ነው፦ "ጌታዬ፣ ንግሥቲቱ ሁሉንም ሰምተዋል።" ይህን ሲሰማ ሎርዱ ትንፍሽ አይልም፤ ፊቱ ብቻ ቀስ እያለ ይሟሽሻል። ሕዝቡ መሳቅ ያለበት ያኔ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ዝንብ ስትበር መሰማት አለባት።

ቀይ ካባ ሰፋሁለት። ትከሻው ጠባብ ስለሆነ ሁለት ጊዜ አጠበብኩት። ስለካው እንኳ ይንቆራጠጥ ነበር። "ለእማዬ ነግሬያታለሁ፤ ሰፈሩን ሁሉ ጠርታለች" አለኝ፣ መርፌዬ ጎኑን እየወጋው።

በቀረጻው ዕለት ከሃል ከተማ በስድስት አውቶቡስ የዓሣ ፋብሪካ ሴቶች መጡ። እንደነሱ ያለ ተመልካች ዕድሜ ልኬን አላየሁም። ከፊት የተቀመጠች አረንጓዴ ሹራብ የለበሰች ሴትዮ ለኖሪስ ፋታ አልሰጠችውም።

"አግብተሃል ወይ አንተ?"

"ማን ያገባኛል? ሰርጌ ላይ እንኳ ቁጭ አልልማ።"

"እኔ አስቀምጥሃለሁ!"

ሁለት ሰዓት ሙሉ በሳቅ አንፈራፈራቸው። እኔም ቁልፍ እየሰፋሁ እንባዬን እጠርግ ነበር። ሁላችንም ሞኞች ነን፤ የሚመጣውን ማየት ነበረብን።

ተራው ሲደርስ ካባውን አልብሼ ላክሁት። በሩ ተከፈተ፣ ኖሪስ ገባ። ገና አፉን ሳይከፍት ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። "የኛ ኖሪስ!" ብላ ጮኸች ባለ አረንጓዴ ሹራቧ፣ ሌሎቹም ወለሉን በእግራቸው ደበደቡ። ለካ ሁለት ሰዓት ሙሉ አብሯቸው ሲጫወት የቆየውን ሰው ካባ ደርቦ ሲያዩት መልእክተኛ ሊሆንላቸው አልቻለም።

ተደገመ። ይህን ጊዜ "ጌታዬ" እስኪል ታገሡት፤ ከዚያ አንዷ ሳቋ በአፍንጫዋ አመለጣት፣ ሦስት መቶው ተከተላት። ኖሪስ ራሱ ወደነሱ ዞሮ "እባካችሁ እህቶቼ፣ እናቴ ትመለከተኛለች" ብሎ ለመናቸው። የልቡን እየተናገረ መሆኑ ማን ገብቷቸው፤ ቀልድ መስሏቸው ጭራሽ በሳቅ ወደቁ።

መብራት ሠራተኞቹ ሰዓታቸው ሲደርስ ማጥፊያውን ይጫናሉ፤ አንዲት ደቂቃ አይጨምሩም። የቀረን ሩብ ሰዓት ነበር። ዳይሬክተሩ ከላይ፣ ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ ወርዶ መጣ።

"ኖሪስ፣ በጣም ወደውሃል። ችግሩም እሱ ነው።"

"አንዴ ብቻ። አንዴ ብቻ ሞክሩኝ።"

"ዊኒ፣ ካባውን በሩ ላይ ጦር ይዞ ለቆመው ልጅ አልብሺው።"

"እኔ የተቀጠርኩት ለማልበስ ነው እንጂ ሰው ለመግፈፍ አይደለም" አልኩት። ደሜ ፈልቶ ነበር።

ኖሪስ ግን ራሱ አወለቀው። የልጁ ትከሻ ሰፊ ስለነበር ስፌቱን እዚያው ኖሪስ ፊት በመቀስ ተረተርኩት። እያየኝ ነበር። ከዚያ ማይክሮፎኑን አንስቶ ወደ ሴቶቹ ሄደና "በሉ እንግዲህ፣ ተባረርኩላችሁ" አለ። በሳቅ ፈረሱ። ያ ልጅ ሲገባ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ጸጥ ያሰኛቸው ኖሪስ ነው። ሎርዱም ፊቱን አሟሸሸ፤ ሴቶቹ ግን ደክሟቸው ኖሮ ሳቃቸው የለበጣ ነበር።

ክፍሉ በሚተላለፍበት ቀን ኖሪስ ክሮይደን እናቱ ቤት ይዞኝ ሄደ። በር ላይ "ነግረሃታል?" አልኩት።

"አፌ እምቢ አለኝ።"

አራት ጎረቤቶች ሳሎኑን ሞልተውታል። አይቪ ወንበሯን አስጠግታ አፍንጫዋ የቴሌቪዥኑን መስታወት ሊነካ ምንም አልቀረው። ኖሪስ ከመስኮት ወደ ምድጃ፣ ከምድጃ ወደ በር ይመላለሳል። ብይዘው ደስ ባለኝ።

በሩ ተከፈተ፤ ቀይ ካባው ገባ። "ጌታዬ፣ ንግሥቲቱ ሁሉንም ሰምተዋል።"

ጎረቤቶቹ ተያዩ። አንዷ "ይሄ እንኳን ኖሪስ..." ብላ ዋጠችው።

"አንተ አይደለህም" አለች አይቪ፣ ሳትዞር።

"አይደለሁም፣ እማዬ።"

በዚያው ቅጽበት የሎርዱ ፊት መሟሸሽ ጀመረ፣ ሳቁም መጣ። የለበጣው ሳቅ አልነበረም። ድምፅ የሚያቀናብሩት ሰዎች ያን ጥለው ለኖሪስ የተሳቀውን፣ ወለሉ በእግር የተደበደበበትን ገጥመውበታል። ሌላው ሰው አራት ቃሉን ወሰደ፣ ሎርዱ ሳቁን ወሰደ። ተነስቼ ያን ቴሌቪዥን በጫማዬ ብመታው ባልጠላሁ።

አይቪ እጇን አነሳች። "ዝም በሉ እስቲ። ሰማችሁ?"

ዓይኗ ነው እንጂ የደከመው፣ ጆሮዋ አልደከመም። በጭብጨባው ሥር፣ ቆርጠው ሳይጨርሱት የቀረ የአንዲት ሴት ጩኸት ነበር። "የኛ ኖሪስ!"

"ስምህን ጠሩህ እኮ" አለች አይቪ።

ኖሪስ ምድጃው አጠገብ ቀጥ ብሎ ቆመ። "አዎ እማዬ። ሳቁ የኔ ነው።"

"ታዲያ ምን ያንቆራጥጥሃል? ቁጭ በል፣ ሻይህ ቀዘቀዘ" አለችው።

እግሯ ሥር ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለ፤ ፕሮግራሙ እስኪያልቅም አልተነሳም።