የሮማን ጸበልና ሰማንያ ሁለት

ነገሩ የሆነው ካርቱም ሳለሁ፣ ጦርነቱ ከመጀመሩ ጥቂት ወራት በፊት ነው። እስከ ዛሬ ያልረሳሁት ሞቼ ስለነበር ነው። ማለቴ፣ ለአንድ ሁለት ሰዓት ያህል ሞቼ ነበር፤ በዚያች ጊዜ ደግሞ አፌ አላርፍ ብሎ ጉድ ሠራኝ።

ያኔ ቡሪ የሚባል ሰፈር ውስጥ ሐጅ ዑስማን የሚባሉ ሽማግሌ ቤት እሠራለሁ። የምኖረው ግን ከከተማዋ ዳር፣ ካላክላ፣ ከጓደኛዬ ከሮማን ጋር ነው። ሐጅ አስም ስላለባቸው ሳዑዲ ያለችው ልጃቸው ጣት ላይ የሚሰካ የኦክስጅን መለኪያ ላከችላቸው። ከዚያ ወዲህ ጣቱን ሳያስለካ ከዚያ ቤት የወጣ ሰው የለም። ወተት ሻጩ እንኳ ይለካል። ዘጠና አምስትና ከዚያ በላይ ከሆነ "ሐምዱሊላህ" ይሉታል፤ ከዚያ ከወረደ ሐኪም ዘንድ ሂድ ነው። እኔ በየማለዳው ዘጠና ስምንት ነበርኩ። እኮራበት ነበር፤ ትምህርት ቤትም ያን ያህል አግኝቼ አላውቅም።

የሐጅ የልጅ ልጅ ስታገባ አክስቶቿ እኔንም ይዘው አስቀመጡና ሒና ቀቡኝ። እዚያ አገር ሒና የባለትዳር ጌጥ ነው። ባል የለኝም ብል ማን ይስማኝ፤ "ኢንሻአላህ ይመጣል" እያሉ የጣቶቼን ጫፍ ከነጥፍራቸው ከሰል አስመሰሏቸው። የተረፈችው ሽንኩርት ስከትፍ ቆርጫት በፕላስተር የታሸገችው ትንሿ ጣቴ ብቻ ነበረች።

በማግስቱ ጠዋት እንደ ልማዴ ጣቴን ለሐጅ ሰጠሁ። ሰማንያ ሁለት። መነጽራቸውን ጠርገው በሌላ ጣት ደገሙት። ሰማንያ አንድ። በራሳቸው ጣት ሞከሩት፤ ዘጠና ስድስት። መሣሪያው ደህና ነው፤ የተበላሸሁት እኔ ነኝ ማለት ነው።

ቁጥሩን እስካይ ድረስ ምንም አልሆንኩም፤ ግቢውን ጠርጌ ልብስ ዘፍዝፌ ነበር። ካየሁት በኋላ ግን ትንፋሽ አጠረኝ። ሐጅ የራሳቸው አልጋ ላይ አስተኙኝና በጋዜጣ ያራግቡልኝ ጀመር። "ያ ቢቲ" አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ "አትናገሪ፣ አየር ታባክኛለሽ።" ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሰው ሻይ አፍልተው ሲያጠጡኝ፣ በቃ አልቆልኛል ብዬ አለቀስኩ። እሳቸው ለሮማን ደወሉላት።

ሮማን ከካላክላ በሁለት ሚኒባስ ተጋፍታ መጣች። ባለሦስት እግር ርክሻ ላይ አሳፍራኝ ወደ ክሊኒክ ጉዞ ጀመርን።

መንገድ ላይ ከትንፋሼ ይልቅ ኅሊናዬ ከበደኝ። ሮማን እሑድ እሑድ ስለምትሠራ፣ ለወገቧ ሕመም ጸበል የማመጣላት እኔ ነበርኩ። መጀመሪያ ላይ በእውነት አመጣ ነበር። ኋላ እንቅልፍ እየጣለኝ ቅዳሴ ሲያልፈኝ፣ ጠርሙሱን ከሐጅ ደጃፍ ካለው ዚር መሙላት ጀመርኩ። ዚር ማለት መንገደኛ እንዲጠጣበት ደጅ የሚቀመጥ የሸክላ ጋን ነው። ስድስት ወር እንዲህ አደረግሁ። የሮማን ወገብ ደግሞ ዳነ። ካላክላ ላለ ሐበሻ ሁሉ ተአምሩን መሰከረች።

በሰማንያ ሁለት ኦክስጅን ይህን ተሸክሜ ፈጣሪ ፊት መቅረብ ፈራሁ።

"ሮሚ፣ ይቅር በይኝ" አልኳት። "ጸበሉ የሐጅ ዚር ውሃ ነው።"

የያዘችውን ክንዴን ለቀቀችና ርክሻው ጉድጓድ ሲገባ መልሳ ያዘችው።

"መጀመሪያ ዳኚ" አለችኝ። "ከዚያ እገድልሻለሁ።"

ክሊኒኩ ውስጥ ያገኘነው ወጣት ዶክተር ታሪኩን ሰምቶ ሳይጨርስ እጄን አየና ሳቁ አመለጠው። የትንሿን ጣቴ ፕላስተር ልጦ መለኪያውን ሰካው። ዘጠና ስምንት። መሣሪያው ብርሃን በጣት ውስጥ አሳልፎ የደሙን ቀለም በማየት ነው የሚለካው፤ ጥቁር ሒና ብርሃኑን ይጋርድበታል፤ የጥፍር ቀለምና የቀዘቀዘ እጅም እንዲሁ ያሳስቱታል አለን። ትንፋሼ ያጠረው ከድንጋጤ መሆኑን ነግሮ አሰናበተን።

እኔ ከሞት ተነሣሁ፤ ኑዛዜዬ ግን ወጥቶ ቀረ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሮማን ያን ዕለት ማታ ወገቧን ይዛ ማቃሰት ጀመረች። ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ በሌሊት ተነሥቼ፣ ተሰልፌ፣ እውነተኛውን ጸበል አመጣሁላት። ጠርሙሱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ ታይና "ይሄኛው ከየትኛው ዚር ነው?" ትለኛለች። አምናኝም አታውቅ፤ ወገቧም አልተሻላትም።

ጦርነቱ ሲመጣ ሁለታችንም አገራችን ገባን፤ ሐጅም ሳዑዲ ልጃቸው ዘንድ ሄዱ። እዚያም የጎረቤቱን ጣት ሁሉ እየለኩ እንደሚሆን አልጠራጠርም። በቀደም ሮማን ወገቧ ብሶባት ደወለችልኝ። ስለዚህም ስለዚያም አወራች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "እንደው የሐጅ ዚር ውሃ፣ የሚያመጣልን ሰው አይገኝም?" አለችኝ።

አልሳቅኩባትም። ያ ውሃ እኔንም ናፍቆኛል።