የጋራው ክፍል

ቀራንዮ ሰፈር አንዲት ጠባብ ቤት ተከራይተን ስንኖር እኔና ታናሽ እህቴ የነበረን አንድ ላፕቶፕ ነው። እሷ የግራፊክስ ሥራዋን የምትሠራው በዊንዶውስ ነው፤ እኔ ደግሞ ሊኑክስ የሚባለው ሌላ የኮምፒዩተር ሥርዓት ካልሆነ እጄ አይፈታም። ስለዚህ ዲስኩን ሦስት ቦታ ከፈልኩት፤ አንዱ የእሷ፣ አንዱ የእኔ፣ ሦስተኛው በሁለቱም በኩል የሚከፈት። ስም አውጪለት ስላት «የጋራ» አለችው። ተከራዩ ሁሉ በአንድ ቧንቧ በሚጣላበት ግቢ እየኖሩ እንዲህ ያለ ስም ማውጣት የጤና አይደለም ብዬ ሳቅሁባት።

ብዙ ጊዜ አንገናኝም ነበር። እኔ ስገባ እሷ ወጥታለች። የጋራውን ክፍል ስከፍት ግን ውስጡ ምንም የሌለበት ፋይል አገኛለሁ፤ ስሙ «ሽሮው ድስቱ ውስጥ ነው» ይላል። እኔም «ጨው በዝቶበታል» የሚል ባዶ ፋይል አስቀምጥላታለሁ። ስልክ እያለን እንዲህ መጫወቱ ደስ ይለን ነበር።

አንድ አመል ነበረባት፤ ብዙ ጊዜ ዊንዶውሱን አታጠፋውም፣ የከፈተችውን ሁሉ እንደያዘ ታስተኛዋለች። እሱ ተኝቶ ሳለ ደግሞ ሊኑክስ የጋራውን ክፍል ያነባል እንጂ አይጽፍበትም። «አጥፊው አላልኩሽም?» ብዬ ስቆጣ፣ «ታዲያ ሁሉን ከአዲስ ልጀምር እንዴ?» ትለኛለች።

ባለፈው ክረምት ሐዋሳ ሥራ አገኘች። ታክሲ እስከምትይዝበት እስከ አስራ ስምንት ማዞሪያ ሻንጣዋን ተሸክሜ ሸኘኋት። ቤት ተመልሼ ትታልኝ በሄደችው ላፕቶፕ ላይ «ደህና ግቢ» የሚል ፋይል ላስቀምጥ ስል ሊኑክስ እምቢ አለኝ። እንደ ልማዷ አስተኝታው ሄዳለች። ወይ አመል! አልኩና ተውኩት።

ክረምቱን ሙሉ የድሮ ፋይሎቿን ስም እያነበብኩ ከረምኩ። አከራያችን «እህትህ ከሄደች ወዲህ መኖርህም አይታወቅም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ብቸኝነቱ ከብዶኝ ነበር።

በኋላ የእኔ ክፍል በሥራ ሞላና የግድ የጋራው አስፈለገኝ። ዊንዶውስን ባስነሳው የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። እዚያው ላጥፋው ስል ደግሞ ሴቭ ያልተደረገ ሥራ ይጠፋል ብሎ አስጠነቀቀኝ። ደወልኩላት።

«የይለፍ ቃልሽ ምን ነበር?»

«ውይ፣ ረስቼዋለሁ እኮ!»

«ሴቭ ያላደረግሽው ነገር አለ።»

«አጥፋዋ!»

«ልዝጋው ነው ወይስ ልደምስሰው?»

ሳቀች። ከኋላዋ የማላውቃቸው ሰዎች አብረው ሲስቁ ይሰማኛል። «ምን ለየው? እኔ እዚህ አዲስ ኮምፒዩተር አለኝ። ሁሉም ያንተ ይሁን፣ ወንድሜ።»

ልቧ ቸር ነው፤ መስጠቷ ነበር። እኔ ግን ሁሉንም አልፈለግሁም።

ሳልደመስሰው አጠፋሁት። ሊኑክስ ሲነሳ የጋራው ክፍል ያለምንም ክርክር ተከፈተልኝ። ያሻኝን መጻፍ እችል ነበር። በወዲያኛው በኩል ከፍቶ የሚያይልኝ ሰው ግን የለም።