ክንድ እንደ ሸክላ አይሟሽም

የዚያን ቀን ክፍሉ ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን፦ እኔ፣ አልጋው ላይ ልጄ፣ ከጎኗ ባለው አልጋ አንድ የአሊዩ አምባ ነጋዴ፣ ዶክተሩ፣ አምስት ተማሪዎቹ፣ እና መድኃኒት የምታድል ነርስ። የምቆጥራቸው ምስክር እንዲሆኑኝ ነው። ዶክተሩ በኋላ «እኔ እንዲህ አላልኩም» ብሎኛልና።

ልጄ ኩላሊቷ ከደከመ ወዲህ ደሟ የሚታጠበው በመሣሪያ ነው። የገዛ ደም ሥሯ ቀጭን ሆኖ መርፌውን አልችል ስላለ ክንዷ ውስጥ፣ ከቆዳዋ ሥር፣ ሰው ሠራሽ የደም ቱቦ ገባላት። ለነጋዴውም እንደዚሁ፣ በግራ ክንዳቸው። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ድረስ የሄድነው ለዚሁ ነበር።

ዶክተሩ የልጄን ክንድ አንስቶ ለተማሪዎቹ በእንግሊዝኛ ያስረዳል፤ እነሱ ይጽፋሉ። ክንዱ የልጄ ነው፤ ለእኔ ግን የሚነግረኝ የለም። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ቢሆንም በአማርኛ ከነገሩኝ ይገባኛል።

«ዶክተር፣ ቱቦው ከምን የተሠራ ነው?» አልኩት።

«ከፕላስቲክ ነው፣ እናቴ። አትጨነቂ፣ ውስጡ ልዩ ነገር ተቀብቷል።»

እኔ ገበያ የምሸጠው ሸክላ ነው። አዲስ ድስትም ሆነ ምጣድ በጎመን ዘር ታሽቶ ካልተሟሸ ሥራ ላይ አይውልም። የማውቀው ያንን ነውና፣ «እንደ ሸክላ አሟሽታችሁታል ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

ተማሪዎቹ ሳቁ። እሱም ሳቀና፣ «አዎ፣ አዎ፣ አሟሽተነዋል» ብሎኝ ሄደ።

«አዎ» ያለኝ ዶክተር ነው። ሸክላ ደግሞ አንድ ጊዜ ታሽቶ አይበቃውም፣ ደጋግመው ሲያሹት ነው የሚለሰልሰው። እኔ የማውቀውን ለሰው መንገር ልማዴ ስለሆነ ወደ ነጋዴው ዞርኩ።

«ሐጂ፣ ቁስሉ ሲደርቅ ጠዋት ማታ በቅቤ ይሹት። ከዚያ በሱፍ ጨርቅ ጠበቅ አድርገው ይሰሩት፣ ብርድ እንዳይገባው።»

«መካን እንኳ አላየሁም፣ ግን ሐጂ ካልሽኝ አልጠላም» አሉና ሳቁ። «ቆላ ምን ብርድ አለ ብለሽ ነው? ይሁን፣ እናት ያለችውን አደርጋለሁ፣ ኢንሻአላህ።»

ቤት ስንመለስ እንዳልኩት አደረግሁ። የልጄን ክንድ በቅቤ አሸሁ፣ ከአሮጌ የሱፍ ብርድ ልብስ ቀድጄ አሰርኩ።

«እማዬ፣ ክንዴ ላይ ወጥ ልትሠሪ ነው?» ትለኛለች።

«ዝም በይ፣ ገና አልተሟሸም።»

ቱቦው ያለበት ቦታ እጅ ሲያርፍበት እንደ ንብ ቀፎ እምም ይል ነበር። ያ ድምፅ ሲያስጨንቀኝ ከረመ። አንድ ጠዋት ዝም አለ። እኔ ደስ አለኝ፣ ረጋላት ብዬ። ያ እምምታ ደሙ እየሄደ መሆኑን የሚናገር እንደሆነ፣ ዝም ሲል ቀን ሳይፈጁ መሮጥ እንደሚያስፈልግ፣ የነገረን አንድም ሰው አልነበረም። የደስታዬ ነገር እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ለእጥበቱ አዲስ አበባ ሆስፒታሉ ስንመለስ ቱቦው ተደፍኖ ተገኘ። ዶክተሩ የሱፍ ጨርቁን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ፣ «ማነው እሰሪው ያለሽ?» አለኝ።

«እርስዎ አሟሽተነዋል አሉኝ።»

«እኔ እንዲህ አላልኩም። ብልም ቀልድ ነው፣ እናቴ።»

የልጄ ክንድ ተይዞ ቀልድ። በእንግሊዝኛ ሲናገር አንዴም አልቀለደም፤ ቀልዱ የመጣው በአማርኛ ስጠይቀው ነው።

ከተማሪዎቹ አንዷ ግን እሱ ሲወጣ ቀርታ አጠገቤ ቁጭ አለች። «እማማ፣ ሸክላ የሚሟሸው እንጀራው እንዳይዝበት ነው አይደል? ይሄ የተቀባው እንዲይዝ ነው። ሰውነቷ ባዶ ፕላስቲክ አይወድም፣ ደሙ እላዩ ላይ ይረጋበታል። ቅቡ ላይ ግን የራሷ ህዋሳት፣ በዓይን የማይታዩት፣ ተጣብቀው እያደጉ ውስጡን ያለብሱታል። ያኔ ደሙ በገዛ ቤቱ የሚሄድ ይመስለዋል። ጊዜ ይፈልጋል እንጂ መታሸት አይፈልግም። አጥብቀው ሲያስሩት ደግሞ ደሙ ይቆማል።»

ይህን ለማለት የፈጀባት ጊዜ አንድ ብርጭቆ ውኃ ተጠጥቶ እስኪያልቅ አይሆንም። ያን ጊዜ ያህል መጀመሪያ ቢሰጡኝ ኖሮ ልጄ ሁለተኛ ባልተቀደደች ነበር። አሁን ቱቦው በሌላኛው ክንዷ ነው። ጠዋት ጠዋት እጄን አሳርፌ እምምታውን እሰማለሁ፤ አላሽም፣ አላስርም።

ተማሪዋ ስትጨርስ ግን ነጋዴው ትዝ አሉኝ። የሳቸውን ስልክ አልተቀበልኩም፣ ስማቸውንም አልጠየቅሁም፤ ሐጂ ብዬ ለጠራኋቸው ሰው ስም ምን ያደርግልኛል ብዬ። ሆስፒታሉ መዝገብ ቤት ሄጄ፣ ቁጥራቸውን እንኳ አትስጡኝ፣ እናንተው ደውላችሁ ክንዳቸውን እንዳያስሩ ንገሯቸው ብዬ ለመንኩ። «የታካሚ ምስጢር ነው» ብለው መለሱኝ። ክፍል ሙሉ ሰው ፊት የልጄን ክንድ ሲያሳዩ ምስጢር አልነበረም።

በገበያ ቀን ከአንኮበር ቁልቁል ወርጄ አሊዩ አምባ ፈለግኋቸው። ዝንጅብል የሚሸጡ ሰው ናቸው፣ ረዘም ያሉ፣ ጢማቸው የነጣ። አንዱ «ታመው ልጃቸው ወሰደቻቸው» አለኝ፤ ወዴት እንደሆነ አያውቅም።

ጥፋቱ የዶክተሩ ነው እላለሁ፣ አሁንም። እሰሩት ያልኳቸው ግን እኔ ነኝ። እኚህን ሰው የምታውቁ፣ ግራ ክንዳቸው ታስሮ ከሆነ በመጀመሪያ ጨርቁን ፍቱላቸው፣ ሐኪም ዘንድም አድርሷቸው። ከዚያ እባካችሁ እንዴት እንዳሉ ንገሩኝ።