በጋራዡ በር ጀርባ የተውኩት ጠመንጃ

ይህን ለእናቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም፤ እሳቸው ሲጠይቁኝ ጾም ስለ መግደፌ ነው የማወራው። ለአንተ ግን እነግርሃለሁ፣ አንባቢዬ፤ አታውቀኝም፣ ስትሰማኝም ፊትህ ሲለወጥ አላይም። በአማርኛ መጻፍ የቻልኩት በቅርቡ ነው፤ አንድ ሙሉ ገጽ ሳልደናቀፍ ስጨርስ ደስ ይለኛል፣ ደስታዬን አልደብቅም። የመጀመሪያው ረጅም ጽሑፌ ስለ ጥፋቴ መሆኑ ግን የማንም ጥፋት አይደለም፤ የእኔ ነው።

አጎቴ ፍሥሐ፣ የአባዬ ታናሽ ወንድም፣ በዲቪ መጥቶ ኦክላንድ እኛ ጋራዥ ውስጥ ይኖር ነበር። እናቴ ጓሮ የተከለችውን ጎመን አይጥ ሲጨርስባት፣ ሳን ሆዜ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት ሜዳ ሄዶ አንድ የአየር ጠመንጃ ገዛ። ጠመንጃው ከመሀሉ ይታጠፋል፤ አፈሙዙን ወደ ታች ስትስበው ይቀባበላል፣ የእርሳስ ፍሬዋን ከኋላ ከትተህ መልሰህ ትዘጋዋለህ። ውስጡ ግን እንደ ሌሎቹ ሞላ የለውም፤ ፒስተኑን የሚገፋው የታመቀ ጋዝ ነው። አጎቴ በዚህ ይኮራ ነበር።

“ሞላ ቢሆን ተቀባብሎ ሲውል ይደክማል” ይላል፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር። “ይሄ ግን ቀኑን ሙሉ ቢውል ምንም አይለው!”

“አንተስ ቀኑን ሙሉ ስታወራ ብትውል መች ይደክምሃል?” ትለዋለች እናቴ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ያስተምረኝ ነበር። ከጓሯችን በለስ ሥር ግማሽ ብሎኬት ያቆምና በላዩ የቲማቲም ቆርቆሮ ያስቀምጣል። “አንቀሽ አትያዢው፤ ካነቅሽው ይስታል። ደገፍ ብቻ አድርጊው” ይለኛል። ቆርቆሮውን የሳትኩ እንደሆነ ብሎኬቱ ላይ ግራጫ የእርሳስ ነጥብ ይቀራል። ሕጉ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱ ከሌለ ጠመንጃውን አልነካም።

ነካሁት። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤት ውስጥ ማንም የለም፤ አይጧ በጠራራ ፀሐይ ጎመኑ መሀል ቁጭ ብላለች። አቀባበልኩ፣ ፍሬ ከተትኩ፣ የቃታውን መቆለፊያ፣ ሴፍቲውን፣ ገፍቼ ከፈትኩ። ሳነጣጥር አይጧ ጠፋች፤ ወዲያው የእናቴ መኪና ቤታችን ፊት ያለው ድራይቭዌይ ገባች። ጠመንጃውን ጋራዡ በር ጀርባ አቁሜ ሮጥኩ። እንደተቀባበለ። ፍሬዋ ውስጡ እንዳለች።

ረሳሁት ልበል? አልረሳሁትም። እራት ስበላ አስቤዋለሁ። “ምንም አይለውም፣ ጋዙ አይደክምም” ብዬ ነው የተውኩት። ያሳሰበኝ የጠመንጃው ጤና ነበር፤ የሰው አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት አባዬ የጓሮውን የውሃ ጎማ ሊያወጣ ጋራዥ ገባ። ጎማውን ሲጎትት ጠመንጃው ወደ እሱ ወደቀ፣ ጎማው ቃታውን ሳበው፣ ፍሬዋ ነጠላ ጫማውን በስታ ግራ እግሩ ውስጥ ገባች። የጠመንጃው ድምፅ ትንሽ ነበር፤ ጋዝ እንደ ሞላ አይንጫረርም። ትልቁ የአባዬ ድምፅ ነበር።

አባዬ ከኦክላንድ ወደብ ኮንቴይነር የሚያመላልስ ሹፌር ነው። ግራ እግር ማለት የፍሪሲዮን እግር ነው። ፍሬዋን ሐኪም አወጣለት፤ መኪናው ግን ለሳምንታት ቆመ።

“ቢውል አይደክምም እያለ የሚፎክረው ማነው?” አለ አባዬ፣ እግሩ በፋሻ እንደታሰረ። ማንም ወደ እኔ አልዞረም። አጎቴ እጆቹን እያየ፣ “ቅዳሜ ተኩሼ ነበር። ባዶ ያደረግኩት መስሎኝ ነበር” አለ።

መስሎኝ ነበር! ባዶ አድርጎታል እኮ። እኔ አይቻለሁ፤ የመጨረሻዋን ፍሬ ብሎኬቱ ላይ ተኩሶ ነው ያስቀመጠው። አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት። እኔ ነኝ የዘጋሁት፤ ማንም እጁን አፌ ላይ አላደረገም።

ወንድማማቾቹ በአንድ ጣሪያ ሥር ተኮራረፉ። በመጨረሻ የወሎው ጎረቤታችን ጋሽ ይማም፣ ታክሲ ነጂው፣ ሊያስታርቁ መጡ። በአገሩ ወግ የበደለ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ ይቅርታ ይጠይቃል አሉና ራሳቸው ቀጠሉ።

“ለመሆኑ ኦክላንድ ድንጋይ ከየት ይመጣል? ሱቅ ሄደን እንግዛ እንዴ፣ ወላሂ!”

አጎቴ ወደ ጓሮ ወጣ። ሲመለስ አንገቱ ላይ የተሸከመው ያን ግማሽ ብሎኬት ነበር። የእኔ ግራጫ ነጥቦች ወደ እኔ ዞረው ነበር። አባዬ ፊት ሲያጎነብስ ጋሽ ይማም፣ “አንተ ሰው፣ አይጡን ትተህ ወንድምህን!” አሉ፤ ሁሉም ሳቀ። አባዬም ሳቀ፣ ከዚያ አለቀሰ። “አውርደው፣ አውርደው በቃ። ይቅር ብያለሁ።”

እኔ የውሃ ብርጭቆ ትሪ ላይ ይዤ ቆሜ ነበር። ከዚያ የተሻለ የመናገሪያ ጊዜ ነበር? አልነበረም። አልተናገርኩም። ውሃ አዞርኩ።

አጎቴ ወደ ሳን ሆዜ ሄደ። ይቅር ተብሎም ጋራዡ ውስጥ መኖር ከበደው። ሲሄድ ጠመንጃውን አባዬ እጅ ላይ አደረገና፣ “ለእሷ ይሁን። ጠንቃቃ እሷ ናት” አለ። አባዬ ገና መታረቁ ነውና እምቢ ማለት አልቻለም።

ጠመንጃው እኔ ጋ ሦስት ዓመት ሆነው። ጥሩ ጠመንጃ ነው። ጋዙ አልቀነሰም፤ በብርድም በሙቀትም ያው ነው። ላብ ያለው ጣት የነካው ቦታ ይዝጋል፣ ዘይት ይፈልጋል። ድሮ በሁለት እጄ እየታገልኩ የማቀባብለውን አሁን ባንድ እጄ እችለዋለሁ። አንድ ነውር አለው፤ ተቀባብሎም ሳይቀባበልም ከውጭ መልኩ ያው ነው። ይህን ነውር ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። ከእራት ገበታ እየተነሳሁ፣ ለአጎቴ በስልክ “ሃይ ጋሼ” እያልኩ፣ ሦስት ዓመት እንደዚያ ኖሬያለሁ።

ባለፈው ሳን ሆዜ ስንሄድ አጎቴ ምሳ ሊጋብዘን ይዞን ወጣ። ሀይዌይ ከገባን በኋላ መኪናውን አዙሮ ተመለሰ።

“ምድጃውን አጥፍቼዋለሁ አይደል?”

“ያህ፣ አጥፍተኸዋል” አልኩት። አይቼው ነበር።

“አላምንም። እረሳለሁ እኮ፣ ታውቂ የለ፤ ወንድሜን እግሩን ላሳጣው ነበር” አለና ሳቀ። ቤት ገባ። ምድጃው ጠፍቷል። በሩን ቆለፈ፤ መኪናው ጋ ሲደርስ ደግሞ ተመልሶ መያዣውን ነቀነቀው።

ይሄን ነው የወሰድኩበት። ጋራዡን አይደለም። የገዛ እጁን ማመኑን ነው የወሰድኩበት። ልጅ ነበርኩ? ነበርኩ። ፈርቼ ነበር? ፈርቼ ነበር። ታዲያ በአሥራ አራት፣ በአሥራ አምስት ዓመቴስ? ያኔ ፍርሃት አልነበረም፤ ተመችቶኝ ነበር። ጠንቃቃ መባል ተመችቶኝ ነበር።

ብሎኬቱ አሁንም ከበለሷ ሥር ነው። ትናንት የትምህርት ቤት ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ሞከርኩት፤ ማንጠልጠያው አቃሰተ እንጂ አልተበጠሰም። ቅዳሜ ፍሪሞንት ድረስ በባርት ባቡር፣ ከዚያ በአውቶቡስ ሳን ሆዜ እሄዳለሁ። ሰው ምን እንደያዝኩ ቢጠይቀኝ እነግረዋለሁ። በሩ ላይ ስደርስ አወጣና አንገቴ ላይ አደርገዋለሁ፣ ነጥቦቹን ወደ እሱ አዙሬ።

ምን እንደሚለኝ አላውቅም። ዝም ቢለኝም መብቱ ነው። አንተ ግን፣ አንባቢዬ፣ እባክህ ቀድመኸው “አውርጂው” እንዳትለኝ።