ዱዓ የተደረገበት ፎርም

የታላቅ ወንድሜ የአሊ ልጅ ሰዓዳ ማክሰኞ አዳማ ሥራ ላይ እያለሁ ደወለችልኝ። «አጎቴ፣ የዩኒቨርሲቲ ምርጫዬን ትምህርት ቤቱ ሞላልኝ። አንደኛ ያደረገው እዚሁ መካነ ሰላም ነው። እኔ ሐዋሳ ነበር የምፈልገው። ምርጫ መቀየሪያው ዓርብ ይዘጋል።» ደሜ ፈላ። ፈቃድ ጠይቄ በማግስቱ ደሴ ገብቼ አደርኩ።

ሐሙስ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል

ወደ መካነ ሰላም የሚሄደው ሚኒባስ ከታሪፍ በላይ አስከፍሎ ሦስት ሰው በሚቀመጥበት አራት አራት አድርጎ ጠቀጠቀን። አቀስታ ከተማ ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ለቁርስ ወርደን ሻይና የገብስ ቂጣ ይዘን ሳለ አብረውኝ ለተቀመጡ ሽማግሌ የመጣሁበትን ነገርኳቸው።

«ሴት ልጅ ቅርብ ብትማር ምን ነውር አለው ወንድሜ?» አሉኝ።

«የእርስዎ ወንዱ ልጅ የት ነው የሚማረው?»

«ጎንደር፣ አልሐምዱሊላህ።»

ቂጣዬን ትቼ ወደ ሚኒባሱ ተመለስኩ።

ስምንት ሰዓት፣ መካነ ሰላም

ከመናኸሪያው በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ፎርም የሚሞላው መምህር ትሑት ሰው ነው፤ ትሕትናው ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

«ወላጆችን ሰብስበን ነበር» አለ። «አባቶች ሴቶቹ ቅርብ ይሁኑልን ብለው ወሰኑ፤ ዱዓም ተደረገበት። በዚያው መሠረት ሞላን።»

«ወንዶቹስ?»

«እነሱ ራሳቸው ሞሉ።»

«ሴቶቹን ማን ጠየቃቸው?» ብዬ ጮህኩ።

«አባትየው ይምጡና እቀይራለሁ። ዱዓ የተደረገበትን እኔ ብቻዬን አላፈርስም።»

አሥር ሰዓት፣ ወንድሜ ቤት

አሊ ከእህል መደብሩ ሲገባ ሰላምታ እንኳ ሳልሰጠው «ልጅቷን አሰርካት!» አልኩት።

«አንተም ለትምህርት ጅማ ስትሄድ ዱዓ አድርገን ነው የሸኘንህ» አለኝ። «ሄደህ ቀረህ። እናታችንን የቀበርናት ያላንተ ነው፤ በአራተኛው ቀን መጣህ። ስብሰባው ላይ የማን ስም የተነሳ ይመስልሃል?»

«እኔ ወንድ ነኝ! ታዲያ ወንዶቹን ለምን ለቀቃችኋቸው?»

«ወንድ ይመለሳል ብለን ተስፋ አናደርግማ። የምትጦረን ሴቷ ናት።»

በሩ ላይ የቆመችው ሰዓዳ ወደ ውስጥ ገባች። «አባዬ፣ የአጎቴን ጥፋት በእኔ ፎርም ላይ ሞሉት?»

«ለመመለስሽ ዋስ አምጪ» አላት አሊ። ሰዓዳ ወደ እኔ ጠቆመች። ወንድሜ መራራ ሳቅ ሳቀ።

«ከሱ ሌላ አጣሽ? ትምህርት ቤት መሄዱን ከጁምዓ በኋላ አስብበታለሁ።»

ዓርብ

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሰዓዳና እኔ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመን ጠበቅነው። አሊ አልመጣም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መምህሩ ቢሮውን ቆልፎ በአጠገባችን አለፈ። ሰዓዳ አላለቀሰችም፤ ነጠላ ጫማዋን እያየች «አጎቴ፣ ይሂዱ፤ ሥራዎት ይጠብቅዎታል» አለችኝ።

እሁድ አዳማ ቤቴ ገባሁ። በትምህርት ቤቱ ላይ ያለኝ ንዴት አልበረደም፤ በወንድሜም ላይ እንደዚያው። ግን ያን ሐሙስ ሰዓዳ ያስፈልጋት የነበረው አንድ የሚታመን ዋስ ብቻ ነበር። የነበራት ዋስ ደግሞ እናቱን ለመቅበር እንኳ ያልደረሰው እኔ ነበርኩ።