የመነጽር ሠሪው መንገድ

ታላቅ ወንድሜ መነጽር ሠሪ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ዓይን ሲያበራ ይውላል፤ እፊቱ ያለው አሸዋ ግን አይታየውም። ይህን የምለው ታናሽ እህቱ ስለሆንኩና እዚያው ሱቅ አብሬው ስለምሠራ ነው፤ ያገባኛል።

አርባ ስድስት ዓመት ሲሞላው ፎርዊል መኪና ገዛ። አካፋ፣ የመጎተቻ ካቦና ሁለት ትርፍ ጎማ ፖርቶመጋላው ላይ ጫነና ከከተማው ጀርባ ያለውን በረሃ የሚያስሱ ባለመኪኖች ማኅበር ገባ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ጥርስ ሐኪም ነው፤ ስብሰባውም የሚካሄደው ታካሚ ተራ በሚጠብቅበት ክፍል ነው። ግድግዳው ላይ የበረሃው ካርታ ተሰቅሏል። አንድ አባል አዲስ መንገድ ካገኘና ሦስት ሌሎች መኪኖች በዚያው ሄደው በሰላም ከተመለሱ፣ መንገዱ በስሙ ይሰየማል። ወንድሜ በዚህ ዓለም የቀረው ምኞት ያ ካርታ ላይ መስፈር ነበር።

ችግሩ፣ አሸዋ ላይ ላለመስመጥ ጎማ ማስተንፈስ ውርደት ይመስለዋል። ጎማውን ከበሮ አስመስሎ ነፍቶ ይገባል፣ ይሰምጣል፣ ሲሰምጥ ነዳጅ ይረግጣል፣ በረገጠ ቁጥር ራሱን ይቀብራል። ከዚያ ለእኔ ይደውላል። ድምፁን ቆፍጠን አድርጎ፣ አገር ለማየት ፈልጎ የቆመ ይመስል፣ «ትንሽ ቆም ብያለሁ» ይለኛል። እኔም ከተማው ዳር ካለው እርሻ ባለትራክተሩን እጠራለሁ።

ባለትራክተሩ ዝምተኛ ሽማግሌ ናቸው። ገንዘብ አይቀበሉም፤ ወንድሜ ደግሞ ውለታ መሸከም ስለማይወድ በተጎተተ ቁጥር አንድ መነጽር ይሠራላቸዋል። በሁለት ዓመት ውስጥ ከሚስታቸው እስከ አማታቸው ቤተሰቡ በሙሉ መነጽር አደረገ። የአማትየው ዓይን ደህና ነበር፤ ለይሉኝታ ነው ያደረጉት።

ባለትራክተሩ ታዲያ ወንድሜ በሄደበት አይሄዱም። ጠጠራማውንና ጠንካራውን መሬት እየመረጡ ዞረው ይደርሳሉ፤ በዚያው ጎትተው ይመልሱታል። በዚህ ምልልስ ከእርሻው በር እስከ ትልቁ የአሸዋ ክምር የሚያምር መንገድ ወጣ። ሌሎቹ አባላትም ቀስ እያሉ ገቡበት። አንድም የሰመጠ የለም።

ጥርስ ሐኪሙ በስብሰባ ላይ ይህ መንገድ የማን እንደሆነ ጠየቀ። ወንድሜ ብድግ ብሎ «የእኔ ነው» አለ፤ «መንገዱ ሁልጊዜ የሚያልቀው እኔ የቆምኩበት ጋ ነው» ብሎ አስረዳ። አንገቴን ደፋሁ። ሐኪሙ ነገሩ አልዋጥለት ብሎ ባለትራክተሩን አስጠራ። አሁን ጉድ ፈላ ብዬ ስጠብቅ፣ ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«እሳቸው ባይኖሩ እኔ እዚያ ምን ልሠራ እሄዳለሁ?» አሉ ወደ ወንድሜ እያመለከቱ።

ውሸት አልተናገሩም። መንገዱ ካርታው ላይ ሰፈረ፤ «የመነጽር ሠሪው መንገድ» የሚል ሰሌዳም ተዘጋጀ። ፊደሉን የጻፈው ራሱ ወንድሜ ነው፤ ያለ መነጽር እንዲነበብ ብሎ በር የሚያህል አደረገው።

በምርቃቱ ጠዋት እሱ ከፊት፣ እኔ ከጎኑ፣ አሥራ አንድ መኪና ከኋላችን ሆነን ሰሌዳው ጋ ደረስን። ባለትራክተሩም ትራክተራቸውን ዳር አቁመው ሊያዩ መጥተዋል። ወንድሜ ማርሽ አስገባ፤ ፍሪሲዮኑን ግን አልለቀቀም። ከኋላ ክላክሱ ቀለጠ። ግንባሩ ላይ ላብ አየሁ።

«በየት በኩል ነው?» አለኝ በሹክሹክታ።

«ወንድም ጋሼ፣ ስንት ጊዜ ተመላልሰህበት የለ እንዴ?»

«ተጎትቼ እኮ ነው። ነድቼበት አላውቅም። የማየው የትራክተሩን ጀርባና አቧራውን ብቻ ነው።»

መሳቅ አማረኝ፤ ፊቱን ሳየው ግን አንጀቴን በላው። መሪውን ወደለመደው አሸዋ ቢያዞር ማኅበሩ በሙሉ ተከትሎት ይሰምጣል፤ አላውቅም ቢል ደግሞ ያ ሁሉ ምኞቱ እዚያው ሰሌዳ ሥር ያበቃል። እውነቱን ልናገር፣ ያዞራል ብዬ ነበር።

ሞተሩን አጠፋ። ወረደና ካቦውን ከፖርቶመጋላው አውርዶ በሁሉም ፊት ወደ ትራክተሩ ሄደ።

«አባባ፣ እንደለመድነው ይሁን» አላቸው።

ሽማግሌው ካቦውን አሰሩለት። ክላክሱ ጸጥ አለ። በወንድሜ ኮራሁ፤ ስሙ ካርታው ላይ በሰፈረ ቀን እንኳ እንዲህ አልኮራሁም። አሥራ ሁለት መኪና በትራክተር ፍጥነት እስከ ትልቁ ክምር ሄደን ተመለስን። ወንድሜ ሳይሰምጥ ሲጎተት ያ ቀን የመጀመሪያው ነው።